አዞው የባሌን ሰዓት አውቆ ነበር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት እዚሁ ጋምቤላ ከተማ ነው። ስለ ልማድ በተነሳ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ባለቤቴ ከድር ሱቅ ውሎ ሙቀቱ ሲያንገበግበው ባሮ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። ሁሌም አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁሌም እዚያው ድንጋይ ሥር፣ ከወዳጆቹ ጋር እየተጫወተ። ወንዝ ዳር ያደገችው ጎረቤታችን አቻላ “ከድር፣ ቦታ ቀይር። አዞ የሰው ሰዓት ያውቃል” ብላ ነግራዋለች። እኔም ለምኜዋለሁ፣ ተጣልቼዋለሁ። “ከነገ ጀምሮ ትቻለሁ” ይለኛል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ በነጋታው ፎጣውን ይዞ ይጠፋል።

የዚያን ቀን ወንዙ ሞልቶ ደፍርሶ ስለነበር ወዳጆቹ እንኳ አልወረዱም። ጠዋት “ወላሂ አልወርድም” ብሎኝ በዚያችው ሰዓት ሲጠፋብኝ ደሜ ፈላ። ውኃ ልትቀዳ ከምትሄደው አቻላ ጋር ተከትዬው ወረድኩ።

እስከ ወገቡ ገብቶ ፊቱን በሳሙና አረፋ ሸፍኗል። ልጮህበት ስል አቻላ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

“ያ እንጨት ይታይሻል?” አለችኝ በሹክሹክታ። “እንጨት ወደ ላይ አይሄድም።”

አየሁት። ውኃው ወደ ታች ይወርዳል፤ ጥቁሩ ነገር ግን ወደ ላይ፣ ወደ ባሌ ይመጣል።

“አዞ ብለሽ አትጥሪ። ባልሽ ይደነግጣል፣ ውኃ ይመታል። ቀስ ብሎ ይውጣ” አለችኝ።

ውጣ ብዬ ብጠራው “መጣሁ” ብሎ እንደሚቆይ አውቃለሁ። ግን ከድር ምንም ቢሆን ደንበኛ አያስጠብቅም።

“የአብዱ አባት፣ ከአቦቦ የመጣው ነጋዴ ሱቅ ቆሞ ይጠብቅሃል” አልኩት፣ እንደ ወትሮው በልጃችን ስም ጠርቼ፣ ድምፄን እንደምንም አረጋግቼ።

“እንዳይሄድብሽ” አለና አረፋውን ሳይታጠብ ወጣ። ድንጋዩ ላይ እንደደረሰ ከኋላው ውኃው ተተረተረ፤ የአዞው አፍ ባዶ ውኃ ላይ ተከደነ። ከድር ዞሮ አየና ባለበት ቁጭ አለ። አረፋው እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ።

ይህን ያየ ሰው ዳግመኛ አይወርድም ትሉ ይሆናል። በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ፎጣ ይዞ መንገድ ላይ አገኘሁት። “እግሬ ነው የወሰደኝ” አለኝ፣ እንባ አቅርሮ። አሳዘነኝ። ልማድ በቁጣ የሚለቅ ቢሆን ኖሮ ከድር ድሮ በተወ ነበር። ያቺ ሰዓት ባዶ ከሆነች እግሩ ይወርዳል። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ በርሜል ውኃ ሞልቼ መቅጃ ጣሳ አኖርኩለት፤ ወንዝ ዳር የሚያጫውቱትን ወዳጆቹንም እዚያው ጠራሁለት።

አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ጓሯችን ይታጠባል። እኔ ግን ሰዓቱ ሲደርስ የጣሳውን ኳኳታ እስክሰማ ድረስ ሰው የሚለኝን አልሰማም።