ኡስታ ሲዳህመድ ያልሞረደው ብረት

ኡስታ ሲዳህመድ ጥሩ ሰው ነበር ብዬ ብጀምር ምንም አልነገርኳችሁም። እዚህ ሱዳን፣ አትባራ ውስጥ ሞቶ መጥፎ የተባለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ከተማችን ለሙት ለጋስ ናት፤ በቁሙ ያሳረረችውን ሰው ሲሞት ታመሰግነዋለች። እሱንም ባለፈው ዓመት ቀበርነውና ሰዉ ሁሉ "ወይኔ ኡስታ!" ሲል ዋለ። እኔ ግን አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

በቱል እባላለሁ። ወንዙ ዳር ባለው የሙያ ማሠልጠኛ ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ኡስታ እኛ ዘንድ የእጅ ሙያ አዋቂ ማለት ነው፤ ሲዳህመድ የብረት ሥራ አስተማሪ ነበር፤ አዲስ ለሚገቡት ልጆች ብረት ምን እንደሆነ፣ የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን፣ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ከሀሁ ጀምሮ የሚያስተምር። መጽሐፍ አልነበረንም። የነበሩት ጥቂቶች በእንግሊዝኛ ስለነበሩ ልጆቹ ሥዕሉን ብቻ አይተው ይመልሷቸዋል። እሱ ታዲያ ማስታወሻውን በእጁ ይጽፋል፣ እኔ በዓረብኛው የጽሕፈት መኪና እተይባለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማረውን ትምህርት በትምህርት አድርጎ ጻፈው። የእጅ ጽሑፉን ለጠላቴ አልመኘውም።

"ኡስታ፣ ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው ወይስ ዶሮ?" እለዋለሁ።

"ዶሮዋ ናት። የፈረምኩት ግን እኔ ነኝ።"

እንዲህ ነበር ጨዋታው። ሚስቱ ቀድማው ሄዳለች፤ አንዲት ልጁ ፖርትሱዳን አግብታ በዓመት አንዴ ትመጣለች። የቀረው ያ ማስታወሻ ነበር። የመጀመሪያውን ትምህርት እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ፦ "ብረት መልክ የለውም። ለስላሳውና ጠንካራው ለዓይን አንድ ናቸው። ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት በመብራት በሚዞረው የመሞረጃ ድንጋይ አስነካውና ብልጭታውን ተመልከት። ብልጭታው ረጅምና ጥቂት ከሆነ ለስላሳ ነው። እንደ ግራር ቅርንጫፍ እየተሰነጣጠቀ ከተበተነ ጠንካራ ነው። ሳይሞርድ አውቀዋለሁ የሚል ውሸታም ነው።"

"ይሄን 'ውሸታም' የሚለውን ላውጣው?" አልኩት።

"ኧረ ተዪው! ትምህርቱ እኮ እሱ ነው።"

ዳይሬክተራችን ማስታወሻውን ካርቱም ወዳለው ትምህርት ሚኒስቴር ላከው። ከጸደቀ መጽሐፍ ሆኖ በአገሩ ያሉ ማሠልጠኛዎች ሁሉ ሊማሩበት ነው። ኡስታ በየጠዋቱ ቢሮዬ ብቅ ይልና "መጣ?" ይለኛል። "ምን?" እለዋለሁ ሆን ብዬ። "አንቺ ደግሞ!" ይልና ይሄዳል።

መኪ የእሱ ተማሪ ነበር፤ ኋላም ረዳቱ ሆኖ ተቀጠረ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። እናቱ ሀጃ ሪድያ በማሠልጠኛችን በር ላይ ኪስራ የምንለውን ስስ እንጀራ እየሸጠች ነው ያሳደገችው፤ በማሠልጠኛው ውስጥ ከእጇ ያልበላ የለም። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያላት እሱ ብቻ ነበር። መኪ ተረበኛ ነበር።

"አባቴ፣ ከብረት ጋር ከምትኖር ሚስት ብታገባስ?" ይለዋል ኡስታን።

"ብረት አይመልስም።"

"ይመልሳል እንጂ፤ አንተ ስለምትጮህበት ፈርቶህ ነው!"

ሁለቱም ይሥቃሉ። ኡስታ ያለ እሱ ምሳ አይበላም ነበር።

እንግዲህ በመጋዘናችን ያለው እያንዳንዱ የብረት ዘንግ አንድ ጫፉ ቀለም የተቀባ ነው፤ ለስላሳው ቢጫ፣ ጠንካራው ቀይ። የሚቆረጠው ቀለም ከሌለበት ጫፍ ነው፤ ቀለሙ እስከ መጨረሻዋ ቁራጭ ድረስ እንዲቆይ። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሕፃንም ይገባዋል።

በዚያ ረመዳን ትልቅ ሰው ሊጎበኘን ነው ተባለ። ዳይሬክተሩ ግቢው ይቀባ አለ። ዘበኞቹ ግድግዳውን ቀቡ፣ የዛፉን ግንድ ቀቡ፣ ቀለሙ ቢተርፋቸው መጋዘን ገብተው የዘንጉን ጫፍ ሁሉ አንድ በአንድ አረንጓዴ አደረጉት። ኡስታ ሲያይ ጮኸ።

"ይሄ ምንድን ነው? ሰርግ ቤት ነው?"

"ለውበት ብለን ነው ኡስታ፤ አረንጓዴ እኮ የተባረከ ቀለም ነው" አለ ዘበኛው።

"አላህ እጅህን ይባርከው! ስንት ዘንግ እንዳበላሸህ ታውቃለህ?"

ስልሳ ያህል ዘንግ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ሙቀቱን አልነግራችሁም፤ የጾመ ሰው ምላሱ ከላንቃው ይጣበቃል። እንግዳው በማግሥቱ ሊመጣ ስለሆነ ዳይሬክተሩ ዛሬውኑ ይስተካከል አለ። ከሰዓት በኋላ በመጋዘኑ በር ሳልፍ ኡስታ መሬት ላይ ተቀምጦ ዘንጎቹን በመዶሻ እየመታ ያዳምጣል፤ አጠገቡ ሁለት ቆርቆሮ፣ ቢጫና ቀይ።

"ኡስታ፣ መሞረጃውስ?"

"መብራት የታለና?"

"መብራቱ ነገ ይመጣል።"

"በቱል፣ ሠላሳ ዓመት ከብረት ጋር ነው የኖርኩት። ድምፁን አውቀዋለሁ። ደግሞ ቀዩን በግራ በኩል ነበር የምደረድረው።"

"ውሸታም" የምትለውን ቃል በገዛ ጣቴ የተየብኩት እኔ ነኝ። ትዝ ብላኛለች፤ አልዋሽም። ግን ጾም ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ቤቴ ሄጄ ለማፍጠሪያ የሚጠጣውን ሕልሙር መበጥበጥ አለብኝ። ሣቅ አልኩና ሄድኩ። ያቺን ሣቄን ባሰብኩ ቁጥር ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ከዒድ በኋላ መኪ ለሰንሰለት ማንሻው መንጠቆ ሠራ። ከመጋዘን ቢጫ ጫፍ ያለው ዘንግ አወጣ፤ ቀለም ከሌለው በኩል ቆረጠ፤ በእሳት አቅልቶ ቆለመመውና ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከረው። እኛ ዘንድ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። በዚያ ሙቀት የጋለ ብረት አጠገቡ አስቀምጦ እስኪበርድ የሚጠብቅ ማን አለ? ለስላሳ ብረት ቢነከር ምንም አይሆንም፤ ኡስታ ራሱ ነው ያስተማረን። ጠንካራው ግን ቀልቶ ሳለ ውኃ ከነካው እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል። ይሄም ማስታወሻው ውስጥ አለ፤ ትምህርት ዘጠኝ።

የጭነት መኪና ሞተር ሲያነሱ መንጠቆው ተሰበረ። መኪ ሞተሩን በእጁ እየመራ ከሥር ነበር። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ።

ኡስታ የተሰበረውን መንጠቆ ከመሬት አነሳው። ለስላሳ ብረት ሊበጠስ ሲል ይሳባል፣ ይከፈታል፣ ለሰው ጊዜ ይሰጣል። ይሄኛው ቅንጣት አልተሳበም፤ ስብራቱ ነጭና የሚያብረቀርቅ ነው። የዚያን ቀን መብራት ነበር። መሞረጃውን አስነሳና አስነካው። በመስኮት አየሁት፤ ብልጭታው እየተሰነጣጠቀ ክፍሉን ሞላው። ኡስታ መሞረጃውን አጥፍቶ ድንጋዩ መዞር እስኪያቆም ድረስ ቆሞ አየው።

ቀጥታ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ። በሩ ክፍት ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ቀለሙን እኔ ነኝ የቀባሁት። ሳልሞርድ።"

ዳይሬክተሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። "ይቀመጡ ኡስታ። ማስታወሻዎ ካርቱም ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። የብረት አስተማሪው ብረት ሳይለይ ቀርቶ ሰው ሞተ ከተባለ ማን ያጸድቀዋል? እኛስ ምን ይውጠናል? መኪ እንደሆነ አይመለስም።"

ኡስታ ተቀመጠና የተሰበረውን መንጠቆ በጨርቅ መጠቅለል ጀመረ። እኔ ውጭ ሆኜ በሆዴ "ተናገር፣ ተናገር!" እላለሁ። በሆድ የሚጮህ ሰው ምን ዋጋ አለው!

ሪፖርቱን የተየብኩት እኔ ነኝ። "ሟቹ ከመጠን በላይ ጭኖ፣ ያለ ጥንቃቄ ከጭነት ሥር በመግባቱ" ይላል። ባለሙያ ሆኖ የፈረመው ኡስታ ሲዳህመድ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ከተማው ሁሉ "ያ ልጅ ሲቀልድ ሞተ" አለ።

በሳምንቱ ሀጃ ሪድያ ቢሮዬ መጣች። ቶብ የምንለውን የሐዘን ነጭ መጎናጸፊያ ለብሳለች።

"ልጄ፣ ወረቀቱን አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። ምን ላድርግ?

"ያለ ጥንቃቄ ማለት በራሱ ጥፋት ማለት ነው?"

"እንደዚያ ይላል ሀጃ።"

"ሲዳህመድ ፈርሞበታል?"

"ፈርሟል።"

ራሷን ነቀነቀች። "እሱ ከፈረመማ እውነት ነው" አለችና ወጣች።

ወዲያው ተነሣሁ። የሄድኩት ወደ ኡስታ ነው። "ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሴትዮዋ ባንተ ፊርማ ማለች እኮ!" አልኩት። "መጽሐፉ ይጽደቅ፤ የዚያኑ ዕለት እናገራለሁ። ወላሂ እናገራለሁ" አለኝ። መጽሐፉ ለስንት ልጆች እንደሚተርፍ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ሰደብኩት። ስሰድበውም ግን ከእሱ እንደማልሻል አውቃለሁ፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋለሁ፣ ዳይሬክተሩም ጨዋ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ኡስታ ከስቶ ልብሱ ሰፋው። በየጠዋቱ "መጣ?" ማለቱንም ተወ። ደብዳቤው የመጣው መኪ ከሞተ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ነው፤ ጸድቋል። አምጥቼ ሰጠሁት፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው እንጂ አላነበበውም። እዚሁ ልጨርሰውና፣ መጽሐፉ ኋላ ታትሟል፤ ስሙ ግን የለበትም፤ "በባለሙያዎች ቡድን የተዘጋጀ" ይላል። እሱንም ከሥራ አስወጥተውት ሦስት ዓመት ቤቱ ተቀምጦ ነው የሞተው።

በአርባው ቀን ሀጃ ሪድያ ቤት ተሰበሰብን። ወንዶቹ ውጭ ዳስ ውስጥ ቁርኣን ያነባሉ፤ እኛ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ነን። ኡስታ ከዳሱ ተነሥቶ እኛ ወዳለንበት ደጃፍ መጣና ቆመ። በጨርቅ የጠቀለለውን ፈታ፤ የተሰበረው መንጠቆ ነው።

"ሀጃ፣ መኪ አላጠፋም" አለ። ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል። "ብረቱ ጠንካራው ነበር። እኔ ነኝ ቢጫ የቀባሁት፤ ሳልሞርደው። እሱ ያስተማርኩትን ነው ያደረገው፤ አንድም ሳያጓድል። ወረቀቱ ውሸት ነው። እያወቅኩ ፈረምኩበት።"

የቁርኣኑ ንባብ ቆመ። አንዲት ሴት "ያ ላጢፍ!" ብላ ወደ አላህ ጮኸች። የመኪ አጎት ከዳሱ ሮጦ መጣና "አላህ የጻፈው ነው፣ ኡስታ፣ በቃ፣ በቃ ግባ" እያለ ክንዱን ያዘው።

ሀጃ ሪድያ ከምንጣፉ አልተነሣችም።

"ልቀቀው" አለች። "ሲዳህመድ፣ መቼ ነው ያወቅከው?"

"የዚያኑ ቀን።"

"የዚያኑ ቀን።" ደገመችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "እኔ ልጄ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን አላህ ይማርህ ብዬው አላውቅም። ምን ስትቀልድ ነው ለማን ጥለኸኝ የሄድከው እያልኩ ስረግመው ነው የከረምኩት። ዛሬ ጠዋትም ረግሜዋለሁ። አንተ ፈርመሃል ሲሉኝ አምኜ። አሁን ማን ሄዶ እናትህ ተሳስታ ነው ይበልልኝ?"

ኡስታ መንጠቆውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ያንን ወረቀት የተየብኩትና ያነበብኩላት እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።