ለኮሚቴው የቆረስኩት ዳቦ

ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ አስቴር ደጄ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከአጥሬ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሕፃን የምታሳድግ ልጅ ናት። አከራይዋ ቤቱን ሊሸጠው ስለሆነ ልቀቂ ብሏታል። የቀበሌ ቤት እንዲሰጧት አመልክታለች፤ ኑሮዋን ለማየት ዛሬ ሰዎች ሊመጡ ቀጥረዋታል።

«እማማ፣ ወንበሮችዎን ያውሱኝ» አለችኝ አቀርቅራ። «ሰዎቹ ሲመጡ የሚቀመጡበት የለኝም።»

ዝም አልኩ። ዝምታዬ እምቢታ መስሏት «ግድ የለም፣ እማማ» ብላ ዞረች። ሳልጠራት ቀረሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ማንም በማያየኝ በገዛ ደጄ፣ ፊቴ በኀፍረት ጋለ።

የተወለድኩት ከገሳይ ወደ ጉና ወጣ ብሎ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ብርድ አገር ነው። ባሌን ተከትዬ ደብረ ታቦር ስገባ አባቴ አልመረቀኝም። «በሰው ቤት ተጠግቶ መኖር ኑሮ አይደለም» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ሳልመረቅ ወጣሁ። ልጄ ገና ጡት ሳትተው ባሌ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ወሬውም አልተሰማ። ነፍሱን ይማር ልበል ወይስ ይቅር ይበለው ልበል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ድንች ቀቅዬ፣ በሚጥሚጣ አድርጌ መናኸሪያው በር ላይ እሸጥ ነበር። መንገደኛ ሲበርደው ትኩስ ድንች ይወዳል። በክረምት እንፋሎቱ ፊቴን ሲያሞቀኝ እግሬ ጭቃ ውስጥ ይደነዝዛል። ያም ሆኖ እመቤቴ አልተለየችኝም፤ ልጄ ተርባ አላደረችም።

አከራዬ እማማ ዘነቡ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ በር ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

«አበቡ ልጄ፣ ጨንቆኝ ነው። ልጄ በጥር ያገባል፤ ሙሽራይቱን የት ላስገባት? ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ልቀቂልኝ።»

«እሺ፣ እማማ» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ቤቱ የእሳቸው ነው።

ሌላ ቤት ስጠይቅ ባሌ የት እንዳለ ይጠይቁኛል። አላውቅም ስል በሩ ይዘጋል። የቀረኝ ልጄን አዝዬ ወደ አባቴ ደጅ መመለስ ነበር። ያን ከማደርግ ሞቴን እመርጥ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እንደምንም ደፍሬ ቀበሌ ገባሁ። ቤት ሊገኝ እንደሚችል፣ ግን መጀመሪያ ኮሚቴ መጥቶ ኑሮዬን እንደሚያይ ነገሩኝ።

ያኔ ልቤ የሰማችው «እንግዳ ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነው። እናታችን እንግዳ ሲመጣ የእኛን መኝታ አንስታ አጎዛውን ታነጥፍ ነበር። የጎደለ ነገር ቢኖር እንግዳው ሳያውቀው ይውላል። ያደግኩት እንዲያ ነው። ቤቴን ዞር ብዬ ሳየው አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ጀሪካን። ሰው ምን ላይ ይቀመጥ?

ጎረቤቴ ሐሊማ ዘንድ ሄድኩ። ባሏ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ቤቷ ሙሉ ነበር። ወንበርና ስጋጃ አውሺኝ ስላት ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«አንቺ ሴት! የሚመጡት ድህነትሽን ሊያዩ ነው ወይስ ሊያጩሽ?»

«ሰው ቤቴ ገብቶ መሬት ላይ ይቀመጥ?»

«ይቀመጥ! እንዲያውም ቁንጫ ይንከሰው፤ ቶሎ ቤት ይሰጡሻል።»

«ሐሊማ፣ በአላህ ይሁንብሽ።»

እየሳቀች ወንበሮቹን አወጣችልኝ። ከሌላዋ ጎረቤት ትሪና ብርጭቆ፣ ከአንዷ መጋረጃ፣ ከአንዷ አልጋ ልብስ ለመንኩ። ፍራሼ የሰው አልጋ ልብስ ሲለብስ አልጋ መሰለ። ደስ አለኝ።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። ኮሚቴዎቹ ቅዳሴ እንደ ወጣ፣ ሳይቀምሱ መጡ። አቶ ዋሴ የሚባሉት ሰብሳቢ ረጅም የዝናብ ካፖርት ለብሰዋል፤ ወይዘሮ ስመኝ ከሴቶች በኩል ናቸው። አቶ ዋሴ ስጋጃውን አይተው በጭቃማ ጫማቸው ለመርገጥ አመነቱ።

«ይግቡ፣ ግድ የለም» አልኩ፤ የሐሊማ ስጋጃ ላይ!

ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ የድንች አልጫ ሠርቼ ነበር። ርቧቸው ስለነበር ጥሩ አድርገው በሉ። አቶ ዋሴ ዳቦውን ደግመው ቆረሱና «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። ወይዘሮ ስመኝ መጋረጃውን፣ ወንበሩን፣ ፍራሹን በየተራ ቃኙ። እነሱን ስሸኝ እንግዳ ያላሳፈርኩ መስሎኝ እመቤቴን አመሰገንኩ።

ቡሄ ካለፈ በኋላ፣ የቤት አመልካቾችን ዝርዝር ሕዝብ እንዲተችበት ቀበሌው አዳራሽ ተጠራን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ አዳራሹ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ልጄን አዝዬ ከሴቶቹ መካከል ቆምኩ። ስሜ ሲጠራ አቶ ዋሴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእሷን በዓይናችን አይተናል። የተቀመጥኩበት ዓይነት ወንበር በእኔ ቤት እንኳ የለም። ቤት ለቸገረው ነው።»

ሰው ሳቀ። ተውሼ ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ ተያዘ። እንቁጣጣሽ ደርሷል፤ የአባቴ ደጅ ታየኝ፤ ያም ሆኖ የልጄን ማዘያ አጥብቄ አቀረቀርኩ።

ሐሊማ ብድግ አለች።

«አቶ ዋሴ፣ ወንበሩ የእኔ ነው! ስጋጃውም የእኔ ነው፤ የጫማዎን ጭቃ ሳጥብ ነው የዋልኩት።»

ሳቁ ሳያባራ ከኋላ ሌላዋ «ትሪና ብርጭቆውም የእኔ ነው» አለች። «መጋረጃው የእኔ ነው» አለች ሦስተኛዋ። «አልጋ ልብሱ የእኔ ነው፤ ደግሞ እስካሁን አልመለሰችልኝም!» ሲባል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። በመጨረሻ እማማ ዘነቡ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ቤቱም የእኔ ነው» አሉ።

ሊረዱኝ ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን አንዷ በተናገረች ቁጥር ልብሴ ከላዬ የሚገፈፍ መሰለኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አቶ ዋሴም እየሳቁ፣

«ታዲያ አንቺ ሴት፣ ከዚያ ሁሉ ያንቺ ምኑ ነበር?» አሉ።

«የበላችሁት» አልኩ።

ሳቁ ቀጥ አለ። 

ዱቄቱን እናቴ ከአባቴ ተደብቃ የላከችልኝ ነበር። እኔና ልጄ ከዚያ በኋላ ሳይሸጥ በተረፈ ድንች ነው ጾሙን የገፋነው። ይህን ግን አልተናገርኩም፤ መናገርም አልፈልግም ነበር። በእኛ ዘንድ ማጣት ያሳፍራል፣ ግን ሰው ይችለዋል። ያበሉትን እንግዳ በሰው ፊት «በልተሃል» ማለት ግን ሌላ ነው። እናቴ ብትሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

አቶ ዋሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጠግበን ነበር የወጣነው» አሉ ቀስ ብለው። «እግዚአብሔር ይስጥልን።» ከዚያ ተቀመጡ። ወይዘሮ ስመኝ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጡኝ። ጣሪያዋ ያፈስ ነበር፤ ለእኔ ግን ቤተ መንግሥት ናት። በጳጉሜን ዝናብ ዕቃዬን ሳጓጉዝ ሐሊማ ከወንበሮቿ አንዱን ተሸክማ ተከተለችኝ።

«ይህ ያንቺ ይሁን» አለች። «እንግዲህ የእኔ ነው የሚል እንዳይነሣብሽ።»

ልጄ እዚያ አደገች፤ ተማረች፤ ይህን የምኖርበትን ቤት የሠራችልኝ እሷ ናት። አምላኬ ያደረገልኝን ቆጥሬ አልጨርሰውም። አቶ ዋሴን ግን እስኪያርፉ ድረስ በመንገድ ባየኋቸው ቁጥር ቀና ብዬ ሰላም ማለት አልቻልኩም። እሳቸው ባርኔጣቸውን ያነሡልኛል፤ እኔ ነጠላዬን እስባለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደ አስቴር ሄድኩ። ወንበር አልያዝኩም። ስታየኝ ደነገጠች። ከፍራሿ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና፣

«ወንበሩን የከለከልኩሽ ክፉ ሆኜ አይደለም፣ ልጄ። ቤትሽን እንዳለ ይዩት። እኔ አብሬሽ እቀመጣለሁ» አልኳት።

ሰዎቹ መጡ። አንዱ ወጣት መቀመጫ ፈልጎ ግራ ቀኝ ሲያይ የአስቴር ፊት ቀላ። ጠጋ ብዬ «እዚህ ተቀመጥ፣ ልጄ» አልኩት፤ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ጠየቋት፤ መለሰች። ባዶውን ቤት አዩት። ሊነሡ ሲሉ ግን አስቴር አላስቻላትም። ጥግ ካለው መሶብ አንዲት ዳቦ አወጣች። ለነገ ያስቀመጠችው መሆኑን እኔም እሷም እናውቃለን።

ስትቆርስ አልከለከልኳትም። እኔም ዛሬ ቤቴ ቢመጡብኝ እቆርሳለሁ። ብቻ ከዚያ በኋላ፣ ያበላሁትን ሳልጠራ ዝም የምልበትን ብርታት እንዲሰጠኝ አምላኬን እለምነዋለሁ።