በግንዱ ቤት ያሉት አልጋዎች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ብርሃኔ እኛ ስደተኞች ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከሌክ ስትሪት፣ በመኪናቸው ወሰዱኝ። የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ በኋላ ነው። ጋሽ ብርሃኔ ኤርትራዊ ናቸው፤ የምቀጠርበት ግቢ አትክልተኛ ነበሩ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ከግንድ የተሠራ አሮጌ ቤት አሳዩኝ። ድሮ ፎቁ መንገደኛ የሚያድርበት፣ ምድር ቤቱ መጠጥ የሚሸጥበት ነበር አሉኝ። አሁን ቅርስ ሆኖ ይጎበኛል። "እንግዳ የማያድርበት ሆቴል፤ አንሶላ አታጥቢም" ብለው ሳቁ።

አለቃዬ ሊንዳ እንግሊዝኛዬ ጥቂት መሆኑን ስላወቀች ሥራውን በእጇ እያሳየች አስተማረችኝ። ግንዱን ውሃ አይነካውም። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይራገፋል። የአቧራ መምጠጫው ማሽን አፍ ላይ መረብ ይታሰራል፤ ከግድግዳው የረገፈ ስባሪ እንዳይውጥ። ዕቃ የሚነካው በነጭ የጥጥ ጓንት ነው። የመኝታ ክፍሎቹ በገመድ ተከልለዋል፤ አልጋዎቹን የምትነካው ሊንዳ ብቻ ናት። ጽሕፈት ስለማይቀናኝ ሁሉንም በልቤ ደጋገምኩት። ልጅ የማሳድግ ሴት ነኝ፤ ተሳስቼ እንዳልባረር እፈራ ነበር።

ጠዋት ብቻዬን ስገባ ቤቱ የሚተነፍስ ይመስለኛል። የመስኮቶቹ መስታወት የድሮ ነውና ውጭ ያሉት ዛፎች ውሃ ውስጥ እንዳሉ ይዋዥቃሉ። የፀሐይ ጨረር በመስኮቱ ሲገባ አቧራው ወርቅ ይሆናል፤ ብሩሼን እንደያዝኩ ቆሜ እቀራለሁ። ፎቅ ላይ ኮቴ የሰማሁ ይመስለኛል። እንጨት ሲሞቅ ይንቋቋል ብላኛለች ሊንዳ። እኔ ግን ስገባ ቀስ ብዬ "እንዴት አደራችሁ" እል ነበር።

አንድ የጸደይ ቀን የትምህርት ቤት ልጆች መጡ። አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሲሉ አንዲት ትንሽ ልጅ ጠፋች። የመምህሯ ፊት አመድ መሰለ። በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሞልቷል። ጋሽ ብርሃኔ ወደ ውሃው ሮጡ። ሊንዳ የልጅቷን ስም እየተጣራች ክፍሎቹን ሁሉ ከገመዱ ወዲህ ሆና አየች። እኔም አየሁ። አልጋዎቹ እንደተነጠፉ ናቸው።

እግሬ ግን ከዚያ አልሄድ አለኝ። እኛ ቤት አልጋ ላይ ዝም ተብሎ አይቀመጥም። ጋቢ ውስጥ ሕፃን ተኝቶ ይሆናልና መጀመሪያ በእጅ ይዳሰሳል። ልጄ ጨቅላ ሳለች እንግዳ ወደ አልጋው በተጠጋ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይል ነበር።

"ሊንዳ፣ አልጋዎቹን በእጄ ልይ?" አልኳት።

እጇ ገመዱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ፈታችው።

በጓንት ሙቀት አይታወቅም፤ አወለቅሁት። የመጀመሪያው አልጋ ቀዝቃዛ ነው። ሁለተኛው ፍራሽ በላባ የተሞላ ነው፤ መሐሉ ላይ እጄ ሙቀት አገኘ። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርገው ልጅቷ ላባው ውስጥ ሰምጣ፣ ጫማዋን እንዳደረገች ተኝታለች።

መምህሯ እያለቀሰች ልትነቀንቃት ስትል እጇን ያዝኩ። "ቀስ፤ ትደነግጣለች" አልኳት። የልጅቷን ግንባር ዳበስ ዳበስ አደረግሁ። ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን፣ ከዚያ እኔን አየች።

"ሆቴሉ የአንቺ ነው?" አለችኝ።

"ዛሬስ የእሷ ነው" አለች ሊንዳ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ጋሽ ብርሃኔ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሶ መጡ። "እኔ ከዓሣ ጋር ስታገል እሷ እዚህ ታንኮራፋለች" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ከመዘጋቱ በፊት አልጋ ሁሉ በባዶ እጅ ይዳሰሳል፤ ሊንዳ ደንብ አደረገችው። እኔም ለአዲስ ሠራተኛ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ የተነጠፈ አልጋ ባዶ መሆኑን በእጃችሁ ሳታረጋግጡ አትቆልፉ።