ያየሽውን ብቻ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ በሌሊት ሾልኬ ቢሆን ኖሮ ለወሬም ያምር ነበር። ከምርጫው በኋላ ሁለት ሰዎች ቢሮዬ መጥተው፣ በሥራ ባልደረባዬ ላይ እንድመሰክር የማላውቀውን ነገር ጽፈው አቀረቡልኝ። "ፈርሚና አጥኚው" አሉኝ። ለሰኞ ቀጠሩኝ፤ ቅዳሜ የሞያሌ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ሌላ ሰው ፈርሞበት ባልደረባዬ እንደታሰረ የሰማሁት ናይሮቢ ሆኜ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ገባሁ፣ ኤድመንተን የሚባል ሰፈር። መጋዘን ውስጥ ሳጥን አሽጋለሁ። የዚህ አገር ዝናብ እንደኛው ወርዶ አይገላገልም፤ ሲያካፋ ይውላል። ከእኔ በላይ ያለው ክፍል ውስጥ አቶ ሐጎስ የሚባሉ ሽማግሌ ኤርትራዊ ይኖራሉ፤ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። አንድ ቀን አከራያችንን ደረጃው ላይ አገኙት።

"ማሞቂያው ከቆመ ሳምንቱ።"

"ኮት የላችሁም?"

"ኮትማ አለን። የተከራየነው ግን ቤት ነው።"

ገፈተራቸው። ተንከባለው ክንዳቸው ተሰበረ። ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም።

ፖሊስ ቃሌን ተቀበለ፤ ከወራት በኋላ የፍርድ ቤት ደብዳቤ መጣ። "ምስክር" የሚለውን ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታው ውስጥ መለስኩት። ከከተማው ማዶ፣ ብሪክስተን ያለች ጓደኛዬ ዘንድ ልደበቅ አሰብኩ።

"ካልቻልሽ ይቅር ልጄ፣ አልቀየምሽም" አሉኝ አቶ ሐጎስ። ባይሉኝ ይሻል ነበር።

በቀጠሮው ቀን፣ ምስክሮችን የምትረዳ ሱዛን የምትባል አሮጊት በጎ ፈቃደኛ ተቀበለችኝ። ባዶውን ችሎት አሳየችኝ፤ አከራዩ እንዳያየኝ መጋረጃ እንደሚጋረድልኝም ነገረችኝ። ቅመም ያልነካው ሻይ ሰጠችኝ።

"ምን ብዬ ነው የምናገረው?" አልኳት።

"ስለ ጉዳዩ ከእኔ ጋር ማውራት ክልክል ነው።"

"ታዲያ ማን ይነግረኛል?"

ግራ ገባት። "ማንም። ያየሽውን ብቻ ነው የምትናገሪው።"

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ መሰከርኩ። የአከራዩ ጠበቃ ውሸታም ሊያደርገኝ ሞከረ፤ ያየሁትን ያንኑ ደጋግሜ መለስኩ። አከራዩ ጥፋተኛ ተባለ። የአቶ ሐጎስ ክንድ ግን ዛሬም ከትከሻቸው በላይ አይነሳም።

እሑድ አገር ቤት እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

"ፍርድ ቤት ቀርቤ መሰከርኩ፣ እማዬ።"

"አስገድደውሽ?"

"የለም፤ ደብዳቤ ላኩልኝ።"

"ከዚያስ ለቀቁሽ?"

"በአውቶቡስ ቤቴ ገባሁ።"

 በር ስትዘጋ ሰማሁ።

"በይ፣ እንዲህ ያለውን በስልክ አታውሪ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።