ሳይመለስ የቀረው ጎማ

ወገዳ ውስጥ ባጃጅ የምትነዳ ሴት አንዲት ናት፤ እሷም የእኔ ልጅ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ባጃጅ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ወንዶቹ ሾፌሮች «ቀሚስሽን ጎማው እንዳይጎትተው» እያሉ ይተርቧት ነበር። አሁን መንገዱ በጭቃ ሲበላሽ እሷን አስቀድመው ከኋላ ይከተሏታል።

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ የኋላ ጎማ አስፈለጋት። ለመግዛት በአውቶብስ መካነ ኢየሱስ ድረስ የሄድሁት እኔ ነኝ፤ እዚያ የክርስትና ልጄ የመለዋወጫ ሱቅ አላት። በሰማንያ ቀኗ ታቅፌ ክርስትና ያነሳኋት ልጅ ናት። ጎማውን አወጣችልኝ፣ የስድስት ወር ዋስትና እንዳለው ነገረችኝ፣ ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀትም ዘረጋችልኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ መሠረተ ትምህርት ተምሬአለሁ። ነገር ግን ከእሷ እጅ ወረቀት መቀበል እሷን መጠርጠር መሰለኝና «አንቺው ዘንድ ይቀመጥ» አልኋት። እኛ ከባዕድ ጋር ስንዋዋል ምስክር እንቆጥራለን። ከክርስትና ልጅ ጋር መዋዋል ግን ራሱ ነውር ነው።

ሁለት ወር ሳይሞላው ጎማው በጎኑ እንደ እንቁላል አበጠ። የወገዳው ጎሚስታ አገላብጦ ዳሰሰውና ድንጋይ እንዳልነካው፣ ውስጡ ያለው ክር ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ደካማ እንደነበር ነገረን። ባጃጇ ቆመች። ልጄ ድንጋይ አስደግፋ ትታት፣ የሰው ገብስ ልታጭድ በቀን ሥራ ገባች።

እኔ ያበጠውን ጎማ አውቶብስ ላይ አስጭኜ መካነ ኢየሱስ ወሰድሁት። የክርስትና ልጄ ጉልበቴን ስማ ተቀበለችኝ። ባሕር ዳር ላለው አስመጪ እንደምትልከው፣ እነሱ አይተው በአዲስ እንደሚቀይሩት አስረዳችኝና ምሳ አብልታ ሸኘችኝ። ከዚያ በኋላ በስልክ በጠየቅኋት ቁጥር ገና አልመጣም ትለኛለች። በአራተኛው ሳምንት ራሷ ደወለችና፣ ድንጋይ የቆረጠው ነው ብለው አልተቀበሉትም አለችኝ።

አመንኋት። ማመኔ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ማምሻውን ልጄ ከአጨዳ ስትመለስ ገና ማጭዷን ሳታስቀምጥ ያዝኋት። እንዳገኘሽ ድንጋይ ላይ ብትነጂ ማን ይቀይርልሻል፣ ጎማውን የገደልሽው አንቺ ነሽ አልኋት። ማጭዷን አስቀምጣ ለልጆቿ እራት ልታቀርብ ገባች። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ወደ አጨዳዋ ሄደች።

እኔም ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ጎሚስታውን ልወቅሰው ሄድሁ። ድንጋይ አልነካውም ብሎ ለምን እንዳታለለን ጠየቅሁት። የያዘውን ጎማ አስቀመጠና፣

«እናቴ፣ ጎማው ተመለሰልዎት?» አለኝ።

«የሞተ ጎማ ምን ያደርግልኛል?»

«ካልተቀበሉት ይመልሱታል። የሚያስቀሩት በአዲስ ከቀየሩት ነው፤ ለፋብሪካው የሚያሳዩት እሱን ነዋ።»

በነገታው በመጀመሪያው አውቶብስ መካነ ኢየሱስ ወረድሁ። የክርስትና ልጄ ስታየኝ ደነገጠች። ልጣላ እንዳልመጣሁ ነገርኋት፤ የተበላሸ ጎማዬን ብቻ ስጪኝ አልኋት። ለምን እንደሚሆነኝ ጠየቀች። ለዶሮዎቼ ውኃ ማጠጫ አደርገዋለሁ አልኋት። መጀመሪያ ዕቃ ቤት ነው አለች። ዕቃ ቤቱን ክፈችልኝ ስላት ባሕር ዳር ቀርቷል አለች። አሁን ደውለን እንጠይቅ ስላት ደግሞ ሳይጥሉት አልቀረም አለች። አንድ ጎማ ሦስት ቦታ ሞተብኝ።

በርጩማ ስቤ በሩ ላይ ተቀመጥሁ። ገበያተኛ በገባ ቁጥር «ምነው እናቴ፣ ደኅና ነዎት?» ይለኛል። እኔም ጎማዬን እየጠበቅሁ ነው እላለሁ። እንዲህ እያልሁ እኩለ ቀን ሆነ። በመጨረሻ አንደኛውን መዝጊያ ገፋ አድርጋ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አዲሱ መጥቶ ነበር፣ እማዬ። የባለቤቴ ወንድም ባጃጅ ቆማ ነበርና ለእሱ ሰጠሁት። እርስዎ ይታገሡኛል ብዬ ነው።»

«ባዕድ ብሆን ትሰጪብኝ ነበር?»

«ባዕድማ ይከሰኝ ነበር።»

ይህን ያለችኝ ልትሰድበኝ አይደለም። እውነቱን ነው የነገረችኝ፤ ለዚያ ነው እስካሁን ከሆዴ ያልወጣው። ተነሥታ ወንበር ላይ ወጣችና ከግድግዳው ለሽያጭ ከሰቀለችው አንድ አዲስ ጎማ አውርዳ ጭኔ ላይ አኖረችው። ጠዋት ሙሉ ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ነበር። ይዤው ወጣሁ፤ የራሴን ስለ ወሰድሁ አላመሰገንኋትም። መናኸሪያ ድረስ ልሸኝዎት ስትለኝ መንገዱን አውቀዋለሁ አልኋት።

ወገዳ እንደ ደረስሁ ልጄ ወደምታጭድበት ማሳ ሄድሁ። አጫጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ጎማው በእሷ ጥፋት እንዳልተበላሸ፣ የወቀስኋትም ያለ አግባብ እንደሆነ ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቀና ብላ ላቧን ጠረገች።

«ጎማው ልኩ ነው? አይተሽዋል?» አለችኝ።

በፋሲካ የክርስትና ልጄ እንደ ወጉ ዳቦ ይዛ መጣች። ከቤተ ክርስቲያን የተቀበልኋትን ልጅ ደጅ ላቆማት አልችልም፤ ግቢ አልኋት። ዳቦውን ቆርሰን በላን። ጎማው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ይሄዳል» አልኋት።

ጥቂት ተቀምጣ፣ አውቶብስ እንዳያመልጣት ብላ ተነሣች፤ እኔም ቆዪ አላልኋትም።