የአሳዳጊው ሚስት በሥራ ላይ ናት

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። አለቃውም ዘበኛውም «አሳዳጊው» ነው የሚሉት። የሚያሳድገው ግን ልጅ ሳይሆን ኮንቴይነር ነው። ወደብ ላይ በክሬን የሚነሱት የብረት ሣጥኖች እንዳይመስሏችሁ፤ የሱዎቹ ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖሩ፣ በእያንዳንዳቸው አንድ ፕሮግራም የታሸገባቸው፣ የማይዳሰሱ ሣጥኖች ናቸው። አንዱ ትእዛዝ ይቀበላል፣ አንዱ ክፍያ ያስተናግዳል፣ አንዱ ደረሰኝ ይልካል። ጠባያቸው ከሕፃንም የባሰ ነው። ክፍያ ሲወድቅ ደረሰኝ ተከትሎት ይወድቃል፤ ደንበኛው ስልክ ላይ ይጮኻል፤ አለቃው ግድግዳ ይቧጥጣል።

ድሮ እነዚህን የሚጠብቅ አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ነበር። አለቃው አንድ ጠዋት ክፍሉን ከነወንበሩ አሰናበተና ለአሳዳጊው «ከፍተኛ» የሚል ማዕረግ ሰጠው። ማዕረጉ እንቅልፍ እንጂ ሌላ ነገር አይቀንስም ተባለ። አሳዳጊው እየሮጠ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ አበሠራት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «ከፍተኛ ምን?» አለችው።

«ከፍተኛ ብቻ» አላት።

ቤቱ ያበደው ከዚያ ወዲህ ነው። አሳዳጊው ለቤት ዕቃ የሚያገለግል አንድ መልእክተኛ ፕሮግራም ነበረው። አምፖሉ፣ መጋረጃው፣ ድምፅ ማጉያው ሁሉ ያሉበትን ሁኔታ ለመልእክተኛው ይነግሩታል፤ እሱም ለሚመለከተው ያደርሳል። በር ሲከፈት መብራት እንዲበራ፣ እንዲያ ዓይነት ነገር፤ እጁን ማንሣት ለሚሰለቸው ሰው የተፈጠረ። አሳዳጊው ታዲያ ኮንቴይነሮቹን ከዚሁ መልእክተኛ ጋር አስተዋወቃቸው። መሥሪያ ቤት ያለው ሣጥን ሲወድቅ ሳሎን ያለው አምፖል ይቀላል። ጓደኛው ተከትሎት ከወደቀ መጋረጃው በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ክፍያ የወደቀ እንደሆነማ ወጥ ቤት ያለው ድምፅ ማጉያ በሴት ድምፅ ያቀልጠዋል። አማቱ ሊጠይቋቸው መጥተው ሳለ «ክፍያ ወድቋል! ክፍያ ወድቋል!» ሲል፣ «ኧረ አንሡት ምስኪኑን!» ብለው በባዶ እግራቸው ወደ ጓሮ ሮጠዋል።

ሚስቱም መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ሳቋ የቆመው በቀይ መብራት ሥር ክር ተምታቶባት፣ የደንበኛ ነጭ ቀሚስ ዙሪያውን በቀይ ክር የዘመዘመች ዕለት ነው።

የቀሚሱ ነገር እንኳ ይለፍ። የሷ ጭንቀት ሌላ ነበር። እህቷ ሌላ ከተማ የልብስ ስፌት ሱቅ ከፍታ፣ «ነይና አብረን እንሥራ፤ ባልሽም ኮምፒውተሩን ታቅፎ ይምጣ፣ እሱ እንደሁ የትም ሆኖ ይሠራል» ብላታለች። እህት መልስ ትጠብቃለች፤ ሚስት ደግሞ ከባሏ አንድ ቃል። «እንሂድ» ቢላት ትሄዳለች፤ «ቅሪልኝ» ቢላት ትቀራለች። ለእራት በተቀመጡ ቁጥር ትጀምረዋለች።

«እስቲ ስማኝ፤ ለእህቴ ምን ልበላት?»

«ስለምኑ?»

«ስለ ሱቁ ነዋ! ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«እሱማ፣ እንግዲህ…» አለና ማንኪያውን እንዳነሣ አምፖሉ ቀላ። «ቆይ፣ አንዴ ይሄ ይነሣና።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ተነሥቶ ያውቃል?»

«አሁን ይነሣል፣ አየሽ፣ አሁን…»

ተነሣ። ወዲያው ሌላው ወደቀ።

አንድ ምሽት ሳህኖቹን እያነሣች፣ «ቁርጤን ንገረኝ» አለችው። «ዝም ካልከኝ ዝምታህን መልስ አድርጌ እሄዳለሁ።»

«የኔ እመቤት፣ እንዴት ዝም እላለሁ? ቁጭ ብለን እናወራለን!» አላት። ከልቡ ነበር። ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነበር።

በነጋታው ነገሩ ከነከነው። የተከነከነ ሰው ሚስቱ አጠገብ ሄዶ ይቀመጣል፤ አሳዳጊው ግን ዕቃ ገዛ። ግድግዳ ላይ የሚሰካ፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካ ሶኬት ነው፤ የስፌት ማሽኗን እሱ ላይ ሰካው። ማሽኑ ሲሠራ ሶኬቱ ለመልእክተኛው «በሥራ ላይ» ይላል፤ ማሽኑ ሲቆም «እረፍት ላይ»። አሳቡ የተቀደሰ ነበር። እሱ ሥራውን ቤት ሆኖ ስለሚሠራ ውሎው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ጆሮው በማዳመጫ ተደፍኖ፣ ፍራሹም እዚያው ተነጥፎ፣ «እሷን እንዳልረብሽ» እያለ። እረፍት ላይ መሆኗን ስክሪኑ ሲነግረው ብድግ ብሎ ሄዶ ሊያወራት ነው።

ስክሪኑን አምጥቶ አሳያት። «ይቺ አረንጓዴ ነጥብ አንቺ ነሽ።»

ጠጋ ብላ አየች። «ከክፍያ በታች?»

«ከደረሰኝ ግን በላይ ነሽ!» አላት በኩራት።

ተመልሳ ፔዳሉን ረገጠች።

እረፍት ላይ ስትሆን አንዱ ሣጥን ይወድቃል፤ ሣጥኑ ሲነሣ እሷ ሥራ ጀምራለች። አሳዳጊው ተስፋ አልቆረጠም። ኋላ ላይ ደግሞ ነጥቧ «በሥራ ላይ» እንዳለች ቀረች። ጠዋት በሥራ ላይ፣ ማታ በሥራ ላይ። «ሚስቴ እኮ ብረት ናት!» እያለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያገኘውን እያሞቀ በላ፤ ከጓዳ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ጓዳ። ሳሎኑን ከፍቶ ሊያቋርጣት አንጀቱ አልቻለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በጓሮ በኩል መስኮቱ ተንኳኳ። የሚስቱ ደንበኛ ናቸው፤ ያ ነጭ ቀሚስ በቀይ ክር የተዘመዘመባቸው ወይዘሮ።

«በፊት ለፊት ባንኳኳ የሚሰማኝ አጣሁ። ቀሚሴን ትሰጠኛለህ ወንድሜ? ጨርሼው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ባለቤቴ ይሰጥዎታል ብላኛለች።»

«ምነው እኔ? እሷው ትስጥዎት እንጂ፤ አለች እኮ።»

«ማን?»

«ሚስቴ ነቻ! እየሰፋች ነው።» ስልኩን በመስኮቱ አሳያቸው። «ይኸው፣ በሥራ ላይ።»

ወይዘሮዋ ነጥቧን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ነጠላ ጫማውን አዩ። «አንተ ልጅ፣ በቀልድህ ነው? መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ! ማሽኑን አንድ ጎን ይዤ አውቶቡስ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ወገቤ ይኸው እስካሁን…»

ሳሎኑን ከፈተው። ቀሚሱ ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ዙሪያው በነጭ ክር እንደገና ተዘምዝሟል። ማሽኑ የነበረበት ቦታ ላይ አራት የእግር አሻራና የክር ብጥስጣሽ ቀርቷል። ግድግዳው ላይ ሶኬቱ የለም።

አሁን ሰው የሆነ ሰው ምን ያደርጋል? ስልክ ይደውላል። አሳዳጊው ቀሚሱን ለወይዘሮዋ ሰጠና ስሕተት ፍለጋ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ።

አገኘውም። መልእክተኛው ከእያንዳንዱ ዕቃ የሰማውን የመጨረሻ ቃል ይዞ ይቆያል፤ ሌላ እስኪነገረው ድረስ ያንኑ ይደግማል። በዚህ ምክንያት ዕቃው ገና ሲገናኝ አንድ አደራ ያስቀምጣል፤ «ሳልሰናበት ድንገት ብጠፋ እንዲህ በሉልኝ» የሚል። አሳዳጊው ለክፍያ ሞልቷል፤ ለደረሰኝ ሞልቷል፤ ለወጥ ቤቱ አምፖል ሳይቀር ሞልቷል። የሚስቱ ቦታ ባዶ ነው። ባዶውን ሲያልፈው ምን እንዳለ ትዝ አለው፤ «እሷ ደሞ የት ትሄዳለች?» ብሎ ነበር። እሷ የመጨረሻዋን ስፌት ጨርሳ፣ ሶኬቱ «እረፍት ላይ» ሊል አፉን ሳይከፍት፣ ማሽኑን ከነሶኬቱ ነቅላ ሄዳለች።

ባዶውን ቦታ ሊሞላው ሞከረ። አልሆነም፤ አደራውን የሚያስቀምጠው ራሱ ዕቃው ነው፣ ያውም ሲገናኝ ብቻ።

ያኔ ደወለ። አነሣችው። ከድምፅዋ ጋር ማሽኗ ሲንጣጣ ይሰማል፤ አጠገቧም የሚስቁ ሴቶች አሉ።

ሊላት የፈለገው ሌላ ነበር። አፉ ያወጣው ግን፣ «ሶኬቱን ይዘሽው ሄድሽ እንዴ?» የሚል ሆነ።

ማሽኑ ቆመ። «ለሶኬቱ ነው የደወልከው?»

«አይደለም! ኧረ አይደለም። ቅሪ ልልሽ ነው የደወልኩት።»

«ቅሪ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። «እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከሄድኩ ስንት ቀኔ ነው?»

አሳዳጊው እያንዳንዱ ኮንቴይነር ከተነሣ ምን ያህል እንደቆየ እስከ ሰከንዱ ያውቃል። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ሮጠ፤ ስክሪኑ ስለሷ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሥራ ላይ ናት።

«ትናንት…» አለ። ቀጥሎም፣ «አይ፣ ከትናንት ወዲያ መሰለኝ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው መሰለ፤ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ሰማው። አሳዳጊው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ የአንድ ረጅም ስፌት ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።