ስንዱ ለሐኪሙ የተናገረችው

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን፣ የጎረቤት ድንበር መግፋቴን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ዛሬ አርጅቻለሁ። እናንተ ደግሞ ፊቴን አታውቁትም፤ የደፈርሁት ለዚህ ይሆናል።

ስንዱ ታናሽ እኅቴ ናት። የተወለድነው ከእንጅባራ ወጣ ብላ ካለች መንደር ነው፤ በቤታችን የሚነገረው አገውኛ ነበር። እኔ ዳንግላ ተማሪ ቤት ገብቼ አማርኛ አጠራሁ። እሷ ግን ከገበያ ከለቀመችው በቀር አማርኛ አልነበራትም። ገና ልጅ ሳለች ለአንድ የአዘና ግራዝማች ዳሯት። ግራዝማቹ በአገሩ የተፈራ ሰው ነው። እኔም ዳንግላ ላይ የጽሕፈት ሥራ ያገኘሁት እሱ ቃል ተናግሮልኝ ነበር።

አንድ ክረምት ስንዱ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ጭቃ ለብሳ ዳንግላ ቤቴ መጣች። ልብሷን ገልጣ ጀርባዋን አሳየችኝ። አለንጋ ሰነጣጥቆታል። እንዳልመልሳት ለመነችኝ፤ ይገድለኛል አለች። ያን ጊዜ የማስበው ስለ ጀርባዋ ነበርን? አልነበረም። ግራዝማቹ ቢቀየመኝ ስለማጣው ወንበር ነበር የማስበው። በማግሥቱ በበቅሎ አፈናጥጬ እኔው ራሴ መለስኋት። ባሏ ጠጅ አስቀዳልኝ። ጠጣሁ። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ዞራ አላየችኝም።

ብዙም አልቆየ፣ ደብድቧት ፅንሱ ሞቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስንዱ መናገር ተወች። እህል በግድ ካልሆነ አትቀምስም፤ በተቀመጠችበት ይመሻል፣ በተቀመጠችበት ይነጋል። ግራዝማቹ እብድ አላኖርም ብሎ ወደ እናታችን ሰደዳት።

ጠበል ተጠመቀች፤ አልሆነም። ያኔ እናታችን አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም እንዳለ ሰማችና፣ የተማርህ አንተ ነህ፣ ፈልገህ አሳይልኝ ብላ ከእግሬ ወደቀች። እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። በአውቶቡስ ዓባይን ተሻግረን ገባን።

በዚያ ከተማ የእብድ ሐኪም የት ነው ብሎ መጠየቅ ራሱ ያሳፍር ነበር። የሚስቅ አለ፤ ልጁን ይዞ የሚሸሽም አለ። አንዱ ሐኪም ቀና ብሎ ሳያያት ክኒን አዘዘላት። ሌላው እዚያው ትቻት እንድሄድ፣ ሲመቸኝም መጥቼ እንድጠይቃት መከረኝ። ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ያረፍንበት ቤት ባለቤት አንድ ፈረንጅ ሐኪም ጠቆመችኝ። ባሏ የሞተባት እኅቷ እንዲሁ ሆና ነበርና በእሱ ዘንድ እየተመላለሰች ድና ነበር። “ለመርፌ አይቸኩልም፤ ያዳምጣል” አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ አማርኛን ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ተነሥቶ ወንበሩን ከአጠገቧ ሳበና ተቀመጠ። ዝም ስትል አብሯት ዝም አለ። ኋላ፣ የደረሰባትን በገዛ ቋንቋዋ ታጫውተው ዘንድ ለመናት፤ ወንድምሽ ይተረጉምልኛል አላት። እኔም ይህን ወደ አገውኛ መለስሁላት።

ስንዱም ተናገረች። ያን ያህል ጊዜ ተዘግቶ የኖረው አፍ ተከፈተ። ስለ አለንጋው ተናገረች። ልጁ ወንድ እንደ ነበር፣ ሳያሳዩዋት እንደ ቀበሩት ተናገረች። እንዲህም አለች፦

“ባሌ ባዳ ነው፤ ባዳ ይጨክናል። የመለሰኝ ግን ይኸ ወንድሜ ነው። ጀርባዬን አይቶ መለሰኝ።”

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን አልሁ? አንድ ጡት የጠባሁት እኔ ምን ብዬ ተረጎምሁ?

“ዛር ሰፍሮብኛል፣ ድምፅ ይጠራኛል ነው የምትለው” አልሁ።

“ብዙ ተናግራለች። እርስዎ የነገሩኝ ጥቂት ነው።”

“ስለምትደጋግም ነው፣ ዶክተር።”

ስንዱ ቀና ብላ አየችኝ። ዛር የሚለውን ቃል ለመስማት የገበያ አማርኛ ይበቃል። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ስባ አፏን ሸፈነች።

ሐኪሙ አላመነኝም። በሳምንቱ ተመልሰን እንድንመጣ፣ እስከዚያ ቋንቋዋን የምታውቅ ሴት እንደሚፈልግ ነገረኝ። እስከ በር ሲሸኘን፣ “ይህች ልጅ የምትድን ናት” አለኝ። በጆሮዬ ሰማሁ። የምትድን ናት። እኔም በማግሥቱ ማለዳ አውቶቡስ አሳፍሬ ወደ አገር ይዣት ተመለስሁ። ሐኪሙን እንዳገኝ የተላክሁ ሰው፣ ካገኘሁት በኋላ ሸሸሁት። ለእናታችን፣ ሐኪሙ አትድንም አለ ብዬ ነገርኋት። አመነችኝ። የተማርሁ እኔ ነኛ።

ከዚያ በኋላ ስንዱ አንድ ቃል አልወጣትም። እናታችን ስትሞት ወደ ቤቴ ወሰድኋት። አጎርሳታለሁ፣ አለብሳታለሁ፣ ፀሐይ ላይ አወጣታለሁ። የሰፈሩ ሰው እንዲህ ያለ ወንድም ለሁሉ ይስጥ እያለ ይመርቀኝ ነበር። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልሁ። ግራዝማቹ ሞተ፤ የምፈራው ሰው ጠፋ። ያኔስ ለምን መልሼ አልወሰድኋትም? የፈራሁት ግራዝማቹን ብቻ አልነበረማ። አፏ ዳግመኛ እንዳይከፈት ነበር የፈራሁት።

አንድ ሐምሌ ሳምባዋን ታመመች። የነፍስ አባታችን መጡና ኑዛዜዋን ሊቀበሉ ከራስጌዋ ተቀመጡ። ቢጠይቋት፣ ቢጠብቋት፣ ዝም አለች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

“የልቧን የምታውቅ አንተ ነህ። ቂም የያዘችበት ሰው አለ?”

ስንዱ ዓይኗን ገልጣ ታየኝ ነበር።

“የለም፣ አባ። ሁሉንም ይቅር ብላለች” አልሁ።

ፈቷት። ቀኑ ሳይመሽ ዐረፈች። ልቅሶው ላይ ከሁሉ አብልጬ ያለቀስሁ እኔ ነበርሁ፤ ዕንባዬም የእውነት ነበር፤ ይህ ግን ምንም አይለውጥም።

ወጣት ነበርሁ አልልም። ዘመኑ እንዲህ ነበር አልልም። በእኅቴ አንደበት ሁለት ጊዜ ተናገርሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለራሴ። ይህን አንብባችሁ እግዜር ይፍታህ ልትሉኝ የሚቃጣችሁ ካላችሁ፣ ተዉት። ይቅርታው የስንዱ ነበር። እሷም አልሰጠችኝም።